እኩል የረገቡ ክሮች

ጋሽ ጉምጉም ሞቶ ሲገኝ ቤዝ ጊታሩን እንዳቀፈ ነበር። ከወንድሙ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ባለችው የማስተማሪያ ክፍሉ፣ ዘወትር በሚቀመጥባት የእንጨት ወንበር ላይ፣ ጆሮው ላይ ሄድፎን ደፍቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ነው ያገኙት። ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ያማረ ሞት ነው! ከሚወደው ጋር ሄደ» አለ። መቼም ሞት የሌላ ሰው ሲሆን ውበት አያጣም።

ያማረው ሞት ግን ሐኪም ፊት ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ሄድፎኑን አንስቶ የኋላ ጸጉሩን ገለጥ ሲያደርግ የራስ ቅሉን ተሰንጥቆ አገኘው። ነገሩ ከቀባሪ እጅ ወጥቶ መርማሪ እጅ ገባ።

መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ መነጽሯን ከምታይበት ይልቅ የምትጠርግበት ጊዜ የሚበዛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ፊት ለፊት «አለቃ»፣ ከኋላዋ ደግሞ «እመት ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ለሰው ስም የሚያወጣ ሥራ የፈታ ነው ብላ ስለምታምን አትቀየምም። ሟቹ የተገኘበት ክፍል በር ላይ ስትደርስ ምክትሏ እየጠበቃት ነበር። ምክትሉ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ሳይደርስ እሱ ቀድሞ መድረሱ ነው።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ተገፍቶ ወድቋል፤ የኋላ ጭንቅላቱ ከሹል ነገር ተጋጭቷል። የድምፅ ማጉያው ማዕዘን ላይ የተጠረገ ደም አግኝተናል።»

«ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ወጣና ሄድፎን አደረገ?»

«ሰው ነው ያስቀመጠው፣ አለቃ። ብቻውን ሲለማመድ ልቡ ቀጥ ያለ እንዲመስል።»

«ወዲያው ሞቷል?»

ምክትሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልሞተም። ውስጥ ውስጡን ሲደማ ቆይቷል። በጊዜ ቢያደርሱልኝ ይተርፍ ነበር ነው የሚለው ሐኪሙ።»

የማስተማሪያ ክፍሏ ጠባብ ናት። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ ተለብጧል፤ ለቤዝ ግን ፍራሽ ምኑም አይደለም። ትልቁ ማጉያ ከወንበሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ቤዝ ላይ የተሰካችው ትንሿ የሄድፎን ማጉያ ናት፤ ተማሪዎች ተራ ሲጠብቁ እንዲለማመዱባት ምስማር ላይ የምትሰቀለዋ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የትልቁን ማጉያ ግንባር አየች። ጥቁሩ ጨርቅ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ በኩል ብቻ አልቋል፤ አምስት ጉድጓዶች፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። የእግር ጣት ይመስላሉ።

«ሲገኝ ጫማ አድርጎ ነበር?»

«አዎ፣ ሁለቱንም። ማሰሪያው ሳይቀር ጥብቅ ብሎ ታስሮ። ለምን?»

«እሱን እኔም እየጠየቅኩ ነው።»

«አለቃ፣ ብዙ ባንደክም ጥሩ ነው» አለ ምክትሉ። «ተማሪዋን ይዣታለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል፤ ከእሷ በኋላ ያየው የለም። ደግሞ ይሄን ቤዝ ከሞትኩ በኋላ ለእሷ ነው የምተወው እያለ በሰው ፊት ይናገር ነበር። የጓሮው በር ቁልፍም አላት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«እስከ ነገ ጠዋት ስንት ሰው ማነጋገር ይቻላል?» አለች መርማሪዋና መነጽሯን መጥረግ ጀመረች።

ሩቅ አልሄደችም፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሱቁ ውስጥ ነበር። ቤዞች እንደ ልብስ በቀለም በቀለም ተሰቅለዋል። ባለሱቁ ወፍራም፣ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ ከትከሻው የማይለይ ሰው ነው። ወንድሙን አልቅሶለታል፤ ግን ለዓመታት የታመቀ ንዴት በለቅሶ ብቻ አያልቅም።

«የዛሬ ልጅ ጆሮ አለው መሰለዎት?» አላት። «ስልኩን ይዞ ይገባል። ‹ይሄን ሰማያዊውን፣ ባለ አምስት ክሩን፣ ከነድምፅ መቀየሪያ ፔዳሉ› ይለኛል። እኔ ልሸጥ ስል ወንድሜ ከጓዳ ብቅ ይልና ‹አራቱን ሳትችል አምስተኛውን ምን ልታደርገው ነው? ልብስ ልታሰጣበት?› ይለዋል። ገዢዬ አፍሮ ይወጣል። ታላቄ ነው፤ ምን እለዋለሁ?»

«ሲጫወት እዚህ ይሰማ ነበር?»

«መሰማት ብቻ! መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ዕቃዎች በእግራቸው ይሄዱ ነበር እንጂ። ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ በሄድፎን ተለማመድ ብዬ! ‹ቤዝ በጆሮ አይሰማም፣ በእግር ነው› ይለኛል።»

«የዚያን ቀንስ?»

«ጠዋት ከጉንዳን ጋር ተጯጯኹ። ጉንዳን ተማሪው ናት፤ ትንሽዬ ልጅ ሆና ከቁመቷ የሚበልጥ ሣጥን ስለምትሸከም እሱ ነው ስሙን ያወጣላት። አዲስ ቤዝ ገዝታ መጥታ ነው የተቆጣት። ያውም ከሌላ ሱቅ!» ይሄኛው ከወንድሙ ቁጣ በላይ የቆጠቆጠው እሱን ነበር። «ከቀትር በፊት ሄደች። ከዚያ ግድግዳው ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ወደ ማታ ላይ ልጠራው ስገባ…» ፎጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

«የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔ፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ጉንዳን። ሌላ የለም።»

የሟቹ ቤት ከሱቁ ብዙም አይርቅም። ሚስትየው በሯን ከፍታ መርማሪዋን ያስገባቻት ምንም ሳትጠይቅ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደርቋል። ይህቺ ሴት ባሏን አፈር ሳይጫነው ከብዙ ዘመን በፊት አልቅሳ የጨረሰችው ትመስላለች።

«ቤት የሚመጣው ለመተኛት ነበር» አለች። «የሰው ልጅ ሲያስተምር ይውላል። እዚህ ግን ክር ነክቶ አያውቅም። ልጄ ሙዚቃ ብሎ እንዳይቀር ይላል። ቤዙን እንኳ ይዞት አይመጣም ነበር።»

«የእግሩን ነገር ልጠይቅዎት፣ የኔ እመቤት። ሲጫወት…»

ሴትዮዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ካልሲውን ነው? ግራው ብቻ ነበር የሚቀደደው። ጫማውን አውልቆ እግሩን ማጉያው ላይ ካልለጠፈ አይሆንለትም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የግራ ካልሲ ስጥፍ ኖርኩ፤ የኔ ድርሻ እሱ ነበረ።»

«ልጅዎን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው?»

ፈገግታው ጠፋ። «ልጁ እንደዚያ ይላል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ እናቱ ነኝ» አለችና ተነሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አውጥታ ለመርማሪዋ ሰጠቻት። ጋሽ ጉምጉም ከዘፋኞች ኋላ ቆሞ በኖረበት ዘመን ሰው ሁሉ ያወቀለት አንዲት የዘፈን መግቢያ ነበረች፤ ድምፃዊው ሳይጀምር በቤዝ ብቻ የምትሄድ። ያችን መግቢያ ያልሞከረ ጎረምሳ የለም። «በተጋባን ዓመት ስቱዲዮ የሰጡት ዋናው ነው» አለች። «ይስሙት። ያኔ ሰው ነበረ።»

ልጁን ያገኘችው በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መልኩ ያባቱ፣ ንግግሩ የማስታወቂያ። ግድግዳው ላይ ሰባት ስምንት ቤዝ ተሰቅሏል፤ መሐል ላይ መብራትና የስልክ ማቆሚያ ተተክሏል። በኢንተርኔት ላይ የሚያስተምረው «የጉምጉም ልጅ» በሚል ስም ነው። የትኛውን ቤዝ ልግዛ፣ የትኛውን ፔዳል ልጨምር የሚል ወጣት ሁሉ እሱን ሳያይ ሱቅ አይገባም። ከቪዲዮዎቹ ሥር ግን ከምስጋናው መሐል አንዳንድ ክፉ «እሳት አመድ ወለደ» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናውን ሁሉ ረስቶ ይህቺን ብቻ ነበር በቃሉ የሚያውቃት።

«አባቴ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያስተማረኝ» አላት። «ያለኝ ሁሉ የሱ ነው።»

«እንደምን ይለማመድ ነበር?»

«በሄድፎን ነዋ። ባለሙያ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሰው አይረበሽም፣ ጥራቱም ይሰማል።»

መርማሪዋ ይዛው የመጣችውን የሟቹን ቤዝ ከሣጥኑ አወጣች። «የቤዙ ምርመራ አልቋል። ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እስቲ እየው፣ ቅኝቱ ልክ ነው?»

ልጁ ቤዙን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አሳረፈው። ክሮቹን አንድ በአንድ ነካቸው፤ ከዚያ ያቺን የታወቀች መግቢያ ጥርት አድርጎ ተጫወታት። እውነት ለመናገር ጎበዝ ነበር።

«ልክ ነው፣ አራቱም። አባቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቃኘው።»

«የዚያን ቀን የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ቪዲዮ ስቀርጽ። ብቻዬን።»

«ጉንዳንንስ እንዴት ታያታለህ?»

መስኮቱን እያየ «ቤዙን ነው የፈለገችው» አለ። «ሕግ የሚገባትን ይስጣት። ሌላ ምን እላለሁ?»

ተጠርጣሪዋ ጉንዳን ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ እግሯ መሬት ሳይደርስ ተቀምጣ ነበር። ስታለቅስ መዋሏ ያስታውቃል። ምክትሉ በሩ ላይ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ባለ አምስት ክር ቤዝ ገዝቼ ሄድኩ። ጋሼ ‹ማን ግዢ አለሽ?› ብለው ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩ፤ ‹ልጅዎ ነዋ!› አልኳቸው። የጉምጉም ልጅ ያለዚህ ዘመናዊ ቤዝ አይባልም ሲል አይቼ ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ገዝተዋል።»

«ከዚያስ?»

«አሳዪኝ አሉኝ። የልጃቸውን ቪዲዮ አይተው አያውቁም ነበር። ያቺን መግቢያ የሚያስተምርበትን ከፈትኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ‹ዛሬ ይበቃናል፣ ሂጂ› አሉኝ። ቁጣው ጠፍቶ ነበር። ያዘኑ መሰለኝ።» ልጅቷ ቀና አለች። «ብቀር ኖሮ አይሞቱም ነበር። አይደል?»

መርማሪዋ ቤዙን አቀበለቻት። ጉንዳን ወፍራሙን ክር እንደነካች ፊቷ ተለወጠ።

«ማነው የነካው? ረግቧል!»

«ክር ሲቆይ ይረግባል አሉ» አለ ምክትሉ ከበሩ ላይ።

«ይረግባል። ግን አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ብዙ ነው የሚረግበው። አራቱ ተማክረው እኩል አይረግቡም።»

መርማሪዋ ከባለሱቁ የተዋሰችውን መቃኛ አውጥታ የቤዙ ራስ ላይ ሰካችው። መብራቱ የልጅቷን ቃል መሰከረ። አራቱም ክሮች እኩል፣ ልክ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ነበር።

«ልጁ ልክ ነው ይላል፣ እሷ ልክ አይደለም ትላለች» አለ ምክትሉ ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ። «ማንን ልንሰማ ነው?»

«ካሴቱን» አለች መርማሪዋ። «ደህና ካሴት ማጫወቻ ፈልግልኝ። ሞተሩ ጤነኛ የሆነ።»

በማግስቱ ጠዋት ጉንዳን የሄደችው ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደዚያችው ክፍል ነው። ፖሊስ በአንድ ጎኗ፣ ባለሱቁ፣ ሚስትየውና ልጁ በሌላ ጎን ተደርድረው ተቀመጡ። ባዶውን ወንበር ማንም አልነካውም። ልጁ የአባቱን ክፍል ግድግዳ ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

«አላስረዝምባችሁም» አለች መርማሪዋ። «ይህን ሰው የገፋው ሰው አንሥቶ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ቤዝ አሳቅፎታል፣ ሄድፎን አድርጎለታል። ሄድፎኑ ለምን? ከሱቅ ሆኖ የሚሰማ ሰው ‹ለምን ጸጥ አለ?› እንዳይል። ብልሃቱ ክፉ አልነበረም። ግን እሳቸውን በማያውቅ ሰው የተሠራ ነው። እርስዎ፣ ባለሱቁ፣ በሄድፎን ይለማመድ ነበር?»

«አንድም ቀን!»

«እርስዎ፣ እመቤቴ፣ ጫማ አድርጎ ይጫወት ነበር?»

«የግራውን ያወልቅ ነበር አልኩዎት እኮ» አለች ሚስትየው።

«ጉንዳንም ይህን ስታይ ነው የኖረችው። ማጉያው ላይ ጣታቸው ጨርቁን በልቶታል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዳቸው ‹ሲጫወት ሞተ› ለማስባል ቢፈልጉ ጫማውን ያወልቁ፣ ገመዱን ትልቁ ማጉያ ላይ ይሰኩ ነበር።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አለቃ፣ የሚያውቅ ሰው ለማሳሳት ብሎ ሆን ብሎ ቢያበላሸውስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔንም ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል። መልሱ ክሮቹ ላይ ነው። አራቱም እኩል ግማሽ ድምፅ ረግበዋል። ይህ በዓይን አይታይም፤ ማንንም ለማሳሳት አይጠቅምም። ስለዚህ ያረገባቸው ሰው ሊያታልል አይደለም፤ ሊጫወት ነው። የመጨረሻው ተጫዋች ጋሽ ጉምጉም አልነበሩም፤ ጫማቸው እንደታሰረ ነው። እሳቸው አድማጭ ነበሩ።»

ስልኳንና የካሴት ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በመጀመሪያ ከስልኳ፣ ዓለም ሁሉ የሚሰማትን መግቢያ አሰማች። ቀጥሎ ካሴቱን ከፈተችው። ያቺው መግቢያ ናት፤ ግን ፈጠን፣ ቀጠን ብላ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብላ ወጣች።

«ኢንተርኔት ላይ የጫነው ማነው?» አለች።

ባለሱቁ ፎጣውን ጨበጠ። «እኔ ነኝ። ድሮ፣ ከሱቁ ቴፕ ቀድቼ። ሞተሩ ደክሞ ነበር መሰል… እኔ ሻጭ ነኝ፣ ልዩነቱን የት አውቄው!»

«የደከመ ቴፕ ዘፈን ይጎትታል፤ ሲጎተት ድምፁ ይወርዳል። ከስልክ የተማረ ሰው መግቢያዋን ከሰማው ጋር ለማስገጠም ቤዙን ግማሽ ድምፅ ማርገብ ግድ ይሆንበታል። ‹አባቴ እንዲህ ነው የሚቃኘው› ብሎም ለሌላው ያስተምራል። እዚህ ክፍል ከእሳቸው እጅ የተማረ ግን እንደዚያ አያደርግም። ጉንዳን ክሩን እንደነካች ጮኸች። አንተ ግን» ወደ ልጁ ዞረች፣ «አራቱም ልክ ናቸው አልከኝ።»

«ከስልክ የተማረ ሺ ሰው አለ!» ብሎ ልጁ ብድግ አለ።

«አለ። ሺው ሰው ግን የጓሮ በር ቁልፍ የለውም። አባትህን ካስቀመጥክ በኋላ ደሙን ጠርገሃል፣ ሄድፎኑን አስተካክለሃል። ቅኝቱን ግን አልመለስክም። ምን ብለህ ትመልሰዋለህ? ላንተ እሱ ነው ልኩ። አንድ ቤት አድገህ አባትህን እንደማንም የሩቅ ሰው ከስልክ ተማርከው።»

እናቱ ካሴቱን አየች፤ ከዚያ እጇን አየች። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች። «በገዛ እጄ።»

ልጁ መልሶ ተቀመጠ። የማስታወቂያው ድምፅ ከጉሮሮው ጠፍቶ ነበር።

«ራሱ ነው የጠራኝ» አለ። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ክፍል ና አለኝ። ቪዲዮህን አየሁት አለኝ። እየሮጥኩ መጣሁ። ቤዙን በእጄ ሰጠኝ፤ ተጫወት አለኝ። ቃኘሁና ማጉያ ሳልሰካ ተጫወትኩለት። አንድ ስህተት አልሠራሁም። ሳቀ።»

«ምን ብሎ?» አለች መርማሪዋ።

«‹ልጄ፣ ይሄ እኮ እኔ አይደለሁም፣ የቴፑ ድካም ነው› አለኝ። እየሳቀ ነው። ከዚያ ‹ና ተቀመጥ፣ ከሀ እንጀምር› አለኝ። እኔን! ያን ሁሉ ሰው የማስተምረውን! እንደ ሕፃን! ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው…»

«ከዚያ ስታነሣው ይተነፍስ ነበር።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«ይተነፍስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ልጠራ ነበር። ግን ምን ብዬ? የጉምጉም ልጅ አባቱን ገፋ ሊባል… አመድ የሚሉኝ ሁሉ…»

«እኔ ስታሠርስ?» አለች ጉንዳን ድንገት። «የት ነበርክ?»

ምክትሉ ወደ ልጁ ሲራመድ ጉንዳን ከመቀመጫዋ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆመች።

«‹ከሀ እንጀምር› አሉህ? በዚህ ቃል?»

«አዎ፣ ሰደበኝ እኮ።»

«ስድብ አይደለም» አለችው። «ጋሼ ሊያስተምሩት ያልፈለጉትን ሰው አይሰድቡትም። ‹ጎበዝ ነህ፣ በርታ› ብለው በር ድረስ ይሸኙታል። እኔ ስንቴ ከዚህ በር ‹ጎበዝ ነሽ› ተብዬ እያለቀስኩ ተመልሻለሁ! አንድ ቀን ጠዋት ‹ነይ ተቀመጪ፣ ከሀ እንጀምር› አሉኝ። የተቀበሉኝ ያን ቀን ነው። እዚህ የተማርን ሁሉ የገባነው በዚያ ቃል ነው።»

ባለሱቁ ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ አንገቱን ላይ ታች ነቀነቀ፤ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር ያን ቃል ሲሰማው ነው የኖረው። ልጁ እናቱን አየ፣ አጎቱን አየ፣ በመጨረሻ ያቺን ሊያስፈርድባት የነበረችውን ትንሽ ልጅ አየ።

«ታዲያ… ሊያስተምረኝ ነበር?»

ጉንዳን ልትዋሽለት ትችል ነበር። ደግ ሰው ምናልባት ይዋሽለት ነበር። እሷ ግን መምህሯን አጥታለች፣ በእሱ ፈንታም አንድ ሌሊት ታሥራ አድራለች፤ ደግነቱ አልነበራትም።

«አዎ» አለችው። «የዚያን ዕለት ሊጀምሩህ ነበር።»

ምክትሉ ክንዱን ይዞ አስነሣው። ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «እማዬ» አለ። እናቱ ሰማችው፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።